ድግጣን እናውቀው፣ እንትከለው

ድግጣ ምንድን ነው? ቢጫ አበባ ያለው የዱር ተክል ነው። ከኤርትራ እስከ ደቡብ አፍሪካ ይበቅላል። እንደ አተርና ሽምብራ ከጥራጥሬ ወገን ነው፤ ፍሬው በስስ ቅርፊት ውስጥ ተደርድሮ ይገኛል።

ምን ይጠቅማል? ገበሬው ቅጠሉን ወቅጦ፣ በውሃ በጥብጦ ከብቱን ያጥብበታል። መዥገርና ቅማል ለማጥፋት ነው። አበባውን ደግሞ ንብ ይወደዋል።

እንዴት ይተከላል? የኦሎምፒያ ሰፈር መሬት አብዛኛው በአስፋልትና በፎቅ ተይዟል። ቢሆንም ድግጣ የደጋና የወይና ደጋ ተክል ስለሆነ አዲስ አበባ ይስማማዋል፤ የአጥር ጥግ ይበቃዋል።

1. ቅርፊቱ ሲደርቅ ፍሬውን ልቀሙ።
2. ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አሳድሩት። የፍሬው ቆዳ ጠንካራ ነው፤ ካልራሰ ቶሎ አይበቅልም።
3. አፈርና የበሰበሰ ፍግ በሞላ ከረጢት ውስጥ ዝሩት፤ ጥላ ሥር አድርጋችሁ ውሃ አጠጡት።
4. ችግኙ ስንዝር ሲያልፍ፣ ክረምቱ ሲገባ ወደ መሬት አዛውሩት።

ልብ በሉ! ለመዥገር መርዝ የሆነ ነገር ለሰውም መርዝ ሊሆን ይችላል። የድግጣ ፍሬ ተደቁሶ ወንዝ ውስጥ ሲጨመር ዓሣ ይገድላል። ልጅ ግን አተር መስሎት ሊበላው ይችላል። ስለዚህ ልጆች ከሚጫወቱበት አርቃችሁ ትከሉት፤ ለጎረቤትም ንገሩ። የበላ ሰው ካለ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ቅጠሉን የወቀጠ ሰውም እጁን በደንብ ይታጠብ።

ጥያቄ፦
ሀ. ፍሬው ለምን በሙቅ ውሃ ይነከራል?
ለ. በግቢያችሁ ድግጣ የት ቢተከል ለልጆች አያሰጋም?