ስለ ውሻና ስለ ድመት የቈየ የኵላሊት ሕመም

ውሻ ቤትን ይጠብቃል፤ ድመትም ጐተራን ከአይጥ ታድናለች። ስለዚህ የነዚህ እንስሳት ጤና የሚናቅ ነገር አይደለም። ከደዌያቸውም መካከል ሳይታወቅ ቀስ በቀስ የሚገድላቸው አንዱ የኵላሊት ሕመም ስለ ሆነ፥ ለአስተዳዳሪዎች፥ ለወረዳ ሹማምንትና ለባለርስቶች እንዲገባ አድርገን ባጭሩ እንጽፋለን።

የኵላሊት ዋና ሥራ ደምን ማጥራት ነው። እድፉን ለይቶ በሽንት ያስወጣል፤ ለሰውነት የሚያስፈልገውንም ውሃ መልሶ ያስቀራል። ይህንን ሥራ የሚፈጽሙት እጅግ ጥቃቅን የሆኑ ማጥሪያዎች ናቸው፤ ቍጥራቸውም በአንዱ ኵላሊት በድመት 200,000፥ በውሻ 400,000 ያህል ነው። አንድ ጊዜ የሞተው ማጥሪያ ዳግመኛ አይተካም፤ የቀሩት ግን የሞቱትን ሥራ ደርበው ይሠራሉ። እንስሳው ታሞ ሳለ ጤነኛ መስሎ የሚቈየው ስለዚህ ነው። ከ3 እጅ 2 እጁ ያህል ሲጠፋ ኵላሊቱ ሽንትን ማወፈር ይሳነዋል፤ ከ4 እጅ 3 እጁ ያህል ሲጠፋ ደግሞ እድፉ በደም ውስጥ ይከማቻል። ጉዳቱ 3 ወር ያህል ከዘለቀ የቈየ ሕመም ይባላል።

የመጀመሪያው ምልክት ብዙ ውሃ መጠጣትና ብዙ ቀጭን ሽንት መሽናት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ቤት እንዳያበላሽ ብሎ እንስሳውን ውሃ ይከለክለዋል። ነገር ግን እንስሳው አብዝቶ የሚጠጣው ውሃው በሽንት ስለሚያመልጠው ነው፤ ውሃ የከለከለውም ሰው ሞቱን ያፋጥንበታል። ቀጥሎ መክሳት፥ መብል መጥላት፥ ማስታወክ፥ የአፍ መሽተትና የድድ መንጣት ይመጣል። አብዝቶ መጠጣት ከስኳር በሽታም ስለሚመጣ በዓይን ብቻ አይፈረድም፤ የእንስሳት ሐኪም ደሙንና ሽንቱን ይመርምር። ሐኪሞችም ሕመሙን በደም ውስጥ ባለው ክሬያቲኒን በሚባለው እድፍ መጠን በ4 ደረጃ ይከፍሉታል።

ሕመሙ ሲጸና ለሀጩ የሚዝረበረብና የሚንቀጠቀጥ ውሻ ይኖራል። ይህ የእብድ ውሻን በሽታ ስለሚመስል፥ ማንም አፉን በእጁ አይንካ፤ ለብቻው ዘግቶ ለሐኪም ያስታውቅ። የተነከሰ ሰው ቢኖር ቍስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

የሕመሙ ምክንያት ብዙ ነው። እርጅና፥ ይልቁንም በድመት፥ ዋናው ነው። ለሰው የተሠሩ እንደ ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ኵላሊትን ይጐዳሉ። የመኪና ራዲያተር እንዳይረጋ የሚጨመረው ፈሳሽ ሁለቱንም ይገድላል፤ ዘቢብም ለውሻ መርዝ ነው። በአይጥ ሽንት በተበከለ ውሃ የሚተላለፈው ሌፕቶስፓይሮሲስ ውሻውን ፈጥኖ ባይገድለው እንኳ በኵላሊቱ ላይ ጠንቅ ሊተው ይችላል፤ ወደ ሰውም ይጋባል። ለውሻ ግን የሚከላከል ክትባት አለ።

የሞተውን ማጥሪያ የሚያስነሣ መድኀኒት የለም፤ ቢሆንም የእንስሳውን ዕድሜ ማራዘም ይቻላል። ንጹሕ ውሃ ሌሊትና ቀን አይጓደልበት። ፎስፎረስ የሚባለው ነገር ሕመሙን ስለሚያባብስ፥ ፎስፎረስ የበዛበት አጥንት ይቅርበት፤ ጨውም ይቀነስለት። ሥጋን ፈጽሞ መከልከል ግን፥ ይልቁንም ለድመት፥ ጥፋት ነው፤ መጠኑን ሐኪም ይወስን። የደም ግፊቱ ከፍ ቢል መድኀኒቱን የሚያዝ ሐኪም ብቻ ነው።

እንግዲህ የየወረዳው ሹማምንት ይህንን ቃል ለሕዝቡ በጉባኤ ያስነብቡ። ዕድሜው 7 ዓመት ያለፈ ውሻ ወይም ድመት ያለው ሰው የውሃውን ሳሕን በየቀኑ ይመልከት፤ ከልማዱ በላይ ፈጥኖ ሲጐድል ቢያይ፥ እንስሳው እስኪከሳ ሳይጠብቅ ለሐኪም ያሳይ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው በዚህ ነገር ላይ እውነት ነው።