ጓደኛ ያስለምዳል ወይስ ልማድ ጓደኛ ያደርጋል?

ባለፈው ሴሚስተር ለፊቸር አጻጻፍ ትምህርት የሠራሁት ጽሑፍ በሰፈሬ በሰንጋ ተራ ጫት ስለሚቅሙ ሁለት ጓደኛሞች ነበር። የአንደኛው እናት «ልጄን ያበላሸው ያ ጓደኛው ነው» አሉኝ። ሁለተኛዋ እናት ዘንድ ብሄድ እሳቸውም ያንኑ ቃል በመጀመሪያዋ ልጅ ላይ ደገሙት። እኔም የመጀመሪያዋን አምኜ፣ «የጓደኛ ተጽዕኖ» የሚል ርዕስ ሰጥቼ አስረከብኩ። መምህራችን «የቀደመው ጓደኝነቱ ነው ጫቱ?» ብለው በቀይ እስክሪብቶ ጽፈው መለሱልኝ።

አፍሬ ልጆቹን ጠየቅኋቸው። ለካ የተዋወቁት እዚያው ጫት ቤት ነው! ሁለቱም ቀድሞውኑ ይቅሙ ነበር።

አባባሎቻችን እኮ ይህን ለይተው ያውቁታል። «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች» ስንል ስለ ተጽዕኖ ነው፤ «ግም ለግም አብረህ አዝግም» ስንል ግን ስለ መመሳሰል ነው። ሦስተኛም አለ፤ የጋራ አካባቢ። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ሻማ ያበራል፤ ማንም ግን ከጎረቤቱ ተምሮ አይደለም። ደጅ ላይ ጫት ቤት ሲከፈትም እንደዚያው ሊሆን ይችላል። ሦስቱም ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ጓደኛሞች አንድ ነገር ሲያደርጉ እናያለን።

ነገሩ ተመራማሪዎችንም ያከራክራል። እ.ኤ.አ. በ2007 ክሪስታኪስና ፋውለር የ12,067 አሜሪካውያንን የ32 ዓመት መረጃ አይተው፣ ጓደኛው ከልክ በላይ የወፈረበት ሰው እሱም የመወፈር ዕድሉ በ57 በመቶ ይጨምራል አሉ። በዓመቱ ኮኸን-ኮልና ፍሌቸር በተመሳሳይ ስሌት ብጉር፣ ራስ ምታትና ቁመት ጭምር ከጓደኛ «ሲጋቡ» አሳዩ። ቁመት ከጓደኛ አይጋባም! ስለዚህ ስሌቱ ሌላውን ሁሉ ተጽዕኖ ብሎ ሊቆጥር ይችላል ማለት ነው።

ታዲያ እንዴት ይለያል? አንዱ መንገድ ሰው ጓደኛውን ራሱ ያልመረጠበትን ቦታ መፈለግ ነው። ሳሰርዶት እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው ጥናት በአሜሪካው ዳርትማውዝ ኮሌጅ በዕጣ አብረው እንዲያድሩ የተመደቡ ተማሪዎችን አጠና። አብሮ አዳሪ በውጤትና በተማሪዎች ማኅበር አባልነት ላይ ተጽዕኖ ነበረው፤ በትምህርት መስክ ምርጫ ላይ ግን አልታየበትም። በእኛ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ጊዜ ዶርም የሚደለደለው በስም ፊደል ተራ ነው። ዕጣ ይመስላል፤ ነገር ግን «ገብረ» ብለው የሚጀምሩት አንድ ክፍል፣ መሐመዶች ሌላ ክፍል ሲገቡ፣ ስም ሃይማኖትንና አስተዳደግን ይዞ ስለሚመጣ መመሳሰሉ አብሮ ይገባል።

ተጽዕኖ የለም ማለቴ አይደለም። ሁለቱ ልጆች ከተዋወቁ ወዲህ አንዱ ሌላውን አብዝቶ እንዲቅም አድርጎት ይሆናል። እኛ ግን «አበላሸው» ብለን ከመጻፋችን በፊት እንጠይቅ፤ የቱ ቀደመ? ጓደኛውን ማን መረጠው? ጓደኛው ባይኖርስ ሰፈሩ ምን ያስለምደው ነበር? ጽሑፌ እንደነበረ ቢታተም ኖሮ፣ አንድ ልጅ ባላደረገው ነገር በሰፈሩ ሁሉ ፊት «አበላሺ» ተብሎ ይቀር ነበር።