ሞቃቱ ባሕርና ከባዱ አመዳይ፦ የአቲካ ተሞክሮ (እ.ኤ.አ. 2021–2022)

መግቢያ

የሜዲትራኒያን ጠረፍ በለዘብተኛ የአየር ጠባዩ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ «ሜዴያ» የተባለው ማዕበል በፌብሩዋሪ 2021፣ «ኤልፒዳ» የተባለው ደግሞ በጃንዋሪ 2022 የግሪክን ዋና ከተማ አቴንስንና በዙሪያዋ ያለውን የአቲካን ግዛት በአመዳይ ሸፍነዋል። በአማርኛ «በረዶ» የሚለው ቃል ከዝናብ ጋር የሚወርደውን ጠጠርም የረጋውንም ውኃ ስለሚያጠቃልል፣ እዚህ እንደ ተባዘተ ጥጥ የሚወርደው «አመዳይ» ተብሏል። የጽሑፉ ዓላማ ጉዳቱን ያባባሰው የአመዳዩ ብዛት ብቻ ሳይሆን ክብደቱና የወረደበት ስፍራ ሁኔታ መሆኑን ማሳየት ነው።

የአመዳዩ አመጣጥ

ከሰሜን ምሥራቅ የሚነሣው ቀዝቃዛና ደረቅ አየር አቲካ ከመድረሱ በፊት የኤጂያንን ባሕር ያቋርጣል። የባሕሩ ገጽ በብርድ ወራትም ቢሆን ከዚህ አየር እጅግ ይሞቃል። ስለዚህ ከታች ሙቀትና እርጥበት ወደ አየሩ ይገባሉ፤ አየሩም ሚዛኑን አጥቶ ወደ ላይ ይነሣል፣ ደመናም ይሆናል። በ1,500 ሜትር ከፍታ ያለው አየር ከውኃው ገጽ ቢያንስ በ13 ዲግሪ ሴልሲየስ ሲቀዘቅዝ ለዚህ ሂደት ምቹ ሁኔታ እንደ ተፈጠረ ይቈጠራል። ደመናው ወደ የብስ ሲደርስ 1,413 ሜትር ከፍታ ያለው ፓርኒታና 1,109 ሜትር ከፍታ ያለው ፔንዴሊ ይበልጥ ወደ ላይ ይገፉታል። የአቴንስ ሰሜናዊ መንደሮች ከወደቡ አካባቢ ይልቅ ብዙ አመዳይ የሚያገኙት በዚህ ምክንያት ነው።

የክብደት ጥያቄ

የሙቀቱ መጠን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲሆን አመዳዩ ውኃ ያዘለ፣ ተጣባቂና ከባድ ይሆናል። አንድ ኩቢክ ሜትር ደረቅ አመዳይ 80 ኪሎ ግራም፣ እርጥቡ ግን 250 ኪሎ ግራም ይመዝናል ብንል፣ የ30 ሳንቲ ሜትር ንጣፍ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያሳርፈው ሸክም በቅደም ተከተል 24 እና 75 ኪሎ ግራም ነው። የቅርንጫፎቹ ስፋት 20 ካሬ ሜትር የሆነ ዛፍ ከሚወርድበት ሩቡን ብቻ ቢይዝ፣ ከእርጥቡ 375 ኪሎ ግራም ይሸከማል። በብርድ አገር ብዙ ዛፎች ከአመዳይ በፊት ቅጠላቸውን ያራግፋሉ፤ በአቲካ የተስፋፋው የሐለብ ጥድ ግን ዓመቱን ሙሉ መርፌ መሳይ ቅጠሉን እንደ ለበሰ ይኖራል።

የጉዳቱ ገጽታ

በ«ሜዴያ» ጊዜ በሰሜናዊ መንደሮች ዛፎች በኤሌክትሪክ መስመሮች ላይ ወድቀው ብዙ ቤተሰቦች በብርድ ለቀናት ያለ መብራት ቈይተዋል። በኋላም ዛፎቹን መከርከም የማን ኃላፊነት ነው በሚለው ላይ ማዘጋጃ ቤቶችና የኤሌክትሪክ አከፋፋዩ ተወዛግበዋል። በ«ኤልፒዳ» ጊዜ ደግሞ ችግሩ በመንገድ ላይ ታየ። ጃንዋሪ 24 ቀን 2022 አቲኪ ኦዶስ በተባለው ፈጣን አውራ ጎዳና ላይ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች በመኪናቸው ውስጥ ታግተው ዋሉ፤ ብዙዎቹም እዚያው አደሩ። ሠራዊቱ ለእርዳታ ተሰማራ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሕዝቡን ይቅርታ ጠየቁ፤ ለታገተው ለእያንዳንዱ መኪና 2,000 ዩሮ ካሳ እንዲከፈል ተወሰነ።

ማጠቃለያ

ሁለተኛው ማዕበል ከመጀመሪያው በኋላ ዓመት ሳይሞላ የደረሰና አስቀድሞም የተተነበየ ነበር። እንግዲህ የጐደለው ትንበያ ሳይሆን ትንበያውን ወደ ውሳኔ የሚለውጥ ሥርዓት ነው፤ ይኸውም ጎዳናው በየትኛው ሰዓት፣ በማን ትእዛዝ እንደሚዘጋ አስቀድሞ መወሰን ማለት ነው። ለዘብተኛ የአየር ጠባይ ላላቸው ከተሞች በየዓመቱ ሥራ ፈቶ የሚቆም ብዙ የአመዳይ መጥረጊያ መኪና መግዛት ከባድ ወጪ ሊሆን ይችላል። በመስመር አጠገብ ያሉትን ዛፎች በወቅቱ መከርከም፣ ማስጠንቀቂያውንም በሳንቲ ሜትር ብቻ ሳይሆን በሚጠበቀው ክብደት ጭምር መስጠት ግን በአቅማቸው የሚቻል ነው።