ለትንሽ የእጅ ባትሪ የሚስማማውን ድንጋይ ስለ መምረጥ

በዕለት ተዕለት አማርኛ «ባትሪ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ የእጅ መብራቱ ራሱ ነው፤ ኃይል የሚሰጠው ክፍል «ድንጋይ» ይባላል። ገዢውም ከሱቅ «ሁለት ድንጋይ» ብሎ ሲጠይቅ መጠኑን እንጂ በውስጡ ያለውን ኬሚካል አይመርጥም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በድንጋዩ ላይ የታተመው ቮልቴጅም ሆነ አቅም ብቻውን ለምርጫ እንደማይበቃ ማሳየት ነው። ወሳኞቹ መብራቱ ጅረት የሚስብበት ጠባይ እና ድንጋዩ ሥራ ፈትቶ የሚቆይበት ጊዜ ናቸው። ጉዳዩ ተራ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም ኤሌክትሪክ በተቋረጠበት ጤና ጣቢያ በሌሊት ለምታዋልድ ባለሙያ የእጅ ባትሪው ቀስ በቀስ መደብዘዙና በድንገት መጥፋቱ አንድ አይደሉም።

ለትናንሽ የእጅ ባትሪዎች በብዛት የሚያገለግለው ኤኤ የተባለው መጠን ነው። በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን አሰያየም የድንጋዩ ዓይነት ከፊደሉ ይታወቃል፦ «አር 6» ዚንክ-ካርቦን፣ «ኤልአር 6» አልካላይን፣ «ኤፍአር 6» ሊቲየም-አይረን ዳይሰልፋይድ ነው፤ ዳግም የሚሞላው ኒኬል-ሜታል ሃይድራይድ «ኤችአር 6» ይባላል። ዚንክ-ካርቦን ለክላንሼ እ.ኤ.አ. በ1866 ከሠራው ሕዋስ የተወለደ ሲሆን፣ ርካሽ ነው፤ ለግድግዳ ሰዓትም ይበቃል። ለዘመኑ የእጅ ባትሪ ግን፣ በጸሐፊው አስተያየት፣ ከምርጫው ሊወጣ ይገባል። አቅሙ በአብዛኛው ከአልካላይኑ ግማሽ አይደርስም፤ ጅረቱ በበዛ ቁጥርም ከዚያ ይቀንሳል። በግዢው ላይ የታየው ቁጠባ በበራበት ሰዓት ሲካፈል ይጠፋል።

ነጭ ብርሃን የሚሰጥ ኤልኢዲ 3 ቮልት ገደማ ይፈልጋል፤ የአንድ አልካላይን ድንጋይ ቮልቴጅ ግን 1.5 ነው። አምራቾች ይህን ክፍተት በሁለት መንገድ ይሞሉታል። አንደኛው ሦስት ድንጋዮችን በተርታ ቀጥሎ ትርፉን በሬዚስተር መገደብ ነው። እንዲህ ያለው ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም አብሮ ይደክማል፤ ብርሃኑ እየቀነሰ ተጠቃሚውን ያስጠነቅቃል። ሁለተኛው በአንድ ድንጋይ ብቻ ተወስኖ ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርግ ትንሽ ሰርኪዩት መጨመር ነው። ሰርኪዩቱ ብርሃኑን እኩል አድርጎ ለመያዝ ከድንጋዩ ቋሚ ዋት ይጠይቃል። 1 ዋት የሚስብ ባትሪ ድንጋዩ 1.5 ቮልት ላይ ሳለ 0.67 አምፒር፣ 1.0 ቮልት ሲደርስ ግን 1 አምፒር ይወስዳል፤ ድንጋዩ በደከመ ቁጥር ሸክሙ ይጨምራል ማለት ነው። የአልካላይኑ ውስጣዊ ተቃውሞ 0.2 ኦም ቢሆን፣ በ1 አምፒር ጅረት 0.2 ቮልት እዚያው ድንጋዩ ውስጥ በሙቀት መልክ ይባክናል፤ ተቃውሞውም ከአገልግሎት ጋር እያደገ ይሄዳል። በዚህ አዙሪት ቮልቴጁ ሰርኪዩቱ ሊሠራበት ከሚችለው ወሰን በታች ይወርድና መብራቱ ይጠፋል። ድንጋዩ ግን ባዶ አይደለም፤ ወጥቶ ግድግዳ ሰዓት ውስጥ ቢገባ ለወራት ሊያገለግል ይችላል። የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ወደ ሬዲዮ የመመለስ ልማድም መሠረቱ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሙቀቱ ውስጣዊውን ተቃውሞ ለጊዜው ይቀንሳል እንጂ አዲስ ኃይል አይጨምርም።

ከዚህ አንጻር የኒኬል-ሜታል ሃይድራይድ 1.2 ቮልት ብዙዎችን ያሳስታል። ከ1.5 ስለሚያንስ ደካማ ይመስላል። ነገር ግን ውስጣዊ ተቃውሞው ከአልካላይኑ እጅግ ያነሰ በመሆኑ፣ በከባድ ጭነትም ቢሆን ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ በ1.2 ቮልት አካባቢ ይጸናል። አልካላይኑ ግን ከመጀመሪያው አንሥቶ ያለማቋረጥ ይወርዳል። 2000 ሚሊአምፒር-ሰዓት የተባለ ኒኬል ድንጋይ 2500 ከሚባልለት አልካላይን በ1 አምፒር ጭነት ረዘም ላለ ጊዜ የሚያበራው ስለዚህ ነው። የአልካላይኑ ቁጥር እውነት የሚሆነው ጅረቱ በጣም አነስተኛ ሲሆን ብቻ ነው።

ስለ ሥራ ፈት ጊዜ ስናነሣ ምርጫው ይለወጣል። ነባሩ ኒኬል-ሜታል ሃይድራይድ ያለ ሥራ ተቀምጦ በጥቂት ወራት ውስጥ ከያዘው ብዙውን ያጣል፤ ሳንዮ እ.ኤ.አ. በ2005 ኢኔሉፕ በሚል ስም ያወጣው ዝቅተኛ ብክነት ያለው ዓይነት ግን ከአንድ ዓመት በኋላም አብዛኛውን ይዞ ይገኛል። አልካላይን በመቀመጡ ብዙ አያጣም፤ ችግሩ መፍሰሱ ነው። ባትሪው ውስጥ ተረስቶ ሲቆይ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ወጥቶ የብረት መገናኛዎቹን ይበላቸዋል፤ የተበላሸውም ድንጋዩ ሳይሆን መብራቱ ይሆናል። ስለዚህ በየቀኑ ለሚበራ ባትሪ ዝቅተኛ ብክነት ያለው ኒኬል፣ ለክፉ ቀን በመሳቢያ ለሚቀመጥ ደግሞ ሊቲየም-አይረን ዳይሰልፋይድ ይመረጣል። የኋለኛው ውድ ቢሆንም አምራቾቹ የመደርደሪያ ዕድሜውን እስከ 20 ዓመት ያደርሱታል። እንደ ባሌው ሳነቴ አምባ ከ4000 ሜትር በላይ በሆነ ስፍራ ለሚያድር የመስክ ተመራማሪም የሚበጀው ይኸው ነው። የአልካላይን ኤሌክትሮላይት ውኃ አዘል ስለሆነ በውርጭ ይለግማል፤ ሊቲየሙ ግን ከዜሮ በታች እስከ 40 ዲግሪ ድረስ ይሠራል።

አንድ ስም የሚጋሩ ነገሮችን አለማምታታት ያስፈልጋል። 14500 የተባለው ሊቲየም-አዮን ድንጋይ በመጠኑ ከኤኤ ጋር ይመሳሰላል፤ ሙሉ ሲሆን ግን 4.2 ቮልት ስለሚሰጥ ለ1.5 ቮልት የተሠራን ሰርኪዩት ሊያቃጥል ይችላል። በትልቁ ወንድሙ በ18650 ላይ ደግሞ «9900 ሚሊአምፒር-ሰዓት» የሚል ጽሑፍ ቢገኝ ሐሰት ነው፤ የዚህ መጠን ጥሩ ድንጋዮች ከ3500 ብዙም አያልፉም። ሚዛን ያለው ሰው ይህን በቀላሉ ይጠረጥራል፦ ትክክለኛው 45 ግራም ገደማ ሲመዝን አስመሳዩ ብዙ ጊዜ ይቀልላል።

አሮጌና አዲስ ድንጋይ ቀላቅሎ በተርታ ማስገባትም አይገባም፤ ደካማው ቀድሞ ሲያልቅ የተቀሩት ጅረት በግድ ስለሚያሳልፉበት ቮልቴጁ ይገለበጣል፣ ይፈስሳልም።

ልዩነቱን በራሱ ባትሪ ላይ ለመለካት የሚሻ ተማሪ ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም። ባትሪውን በነጭ ወረቀት በተለበጠ ካርቶን ውስጥ አብርቶ፣ የስልክን የብርሃን መለኪያ በአንድ ቦታ አጽንቶ፣ በየአምስት ደቂቃው ንባቡን መመዝገብ ይበቃል። የአሜሪካው የእጅ መብራት መለኪያ ኤፍኤል 1 የአገልግሎት ጊዜን የሚቆጥረው ብርሃኑ ከመነሻው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ነው፤ በማሸጊያ ላይ የሚነበቡት ረጃጅም ሰዓታት ብዙዎቹ የሚገኙት በዚህ ደብዛዛ ጅራት ውስጥ ነው። ለንጽጽር 50 በመቶ የደረሰበትንም ደቂቃ አብሮ መጻፍ ይጠቅማል።