ፊትን በብርሃንና በጥላ መግለጽ

በገላጭ ድርሰት የአንዲትን ሴት መልክ ለመሣል ስትነሡ ብዙ ጊዜ «ዓይኗ ጎላ ያለ፣ አፍንጫዋ ሰልካካ፣ ጥርሷ በረዶ የመሰለ» እያላችሁ ትደረድራላችሁ። አገላለጹ ስሕተት የለበትም፤ ለሠርግ ዘፈንም ያምራል። ነገር ግን ለማንኛዋም ሴት ስለሚሆን አንዲቱን ለይቶ አያሳይም።

በዚህ ረገድ የሠዓሊዎችን ሥራ መመልከት ይጠቅማል። በጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ቅዱሳን ሁለቱም ዓይኖቻቸው እየታዩ ይሣላሉ፤ ጥላም በምድር ላይ አይጥሉም። ስለዚህ ጧት ይሁን ማታ አይታወቅም። ኢምፕሬሽኒስት የተባሉት የፈረንሳይ ሠዓሊዎች በአንጻሩ ያችኑ ሰዓት ለመያዝ ይጣደፉ ነበር። ክሎድ ሞኔ በ1875 (እ.ኤ.አ.) ባለቤቱን ካሚይን ጃንጥላ ይዛ ኮረብታ ላይ እንደ ቆመች ሣላት። ፀሐይ ከበስተኋላዋ ስለ ሆነች ፊቷ፣ ያውም በስስ ዓይነ ርግብ ተሸፍኖ፣ በጥላ ውስጥ ነው። የነጭ ቀሚሷ ጥላ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ከእግሯ ሥር ካሉት አበቦችም ቢጫ ነጸብራቅ አርፎበታል። ሞኔ ጥላውን በጥቁር ቀለም አልሞላውም። ፀሐይ በቀጥታ የማትደርስበት ቦታ ከሰማይ፣ ከሣርና ከግድግዳ የሚመለስ ብርሃን ያገኛልና።

አሁን ወደ መንዝ እንምጣ። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚያ ስስ አየር ፀሐይና ጥላ አጥብቀው ይለያያሉ፤ ከፀሐይ የተቀመጠ ሲለበለብ ከጥላ የተቀመጠ ይበርደዋል። ቀጥሎ ያለውን አንቀጽ በጥሞና አንብቡ።

«ከአንድ የድንጋይ ቤት ደጃፍ አንዲት እናት ተቀምጠው ለባና የሚሆን የበግ ጠጉር ይፈትላሉ። የረፋድ ፀሐይ በግራ ጉንጫቸው ላይ አርፋለች፤ ከግንባራቸው የወረደው ነጠላ ዓይናቸውን በጥላ ሸፍኗል። እንዝርቱ በዞረ ቁጥር ብርሃኑ ጣታቸውን ይነካል፤ ይለቃል። ቀና ሲሉ ጥላው ይሸሻል። ዓይናቸው በመንገዱ ላይ እንደ ተተከለ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።»

በአንቀጹ ውስጥ መልካቸውን የሚያወድስ አንድም ቅጽል አታገኙም። ሥራውን የሚሠሩት ግሦቹ ናቸው። ጸንቶ የቆየው ብርሃንና ጥላ በቅርብ ኀላፊ ጊዜ ተነግሯል፤ «አርፋለች»፣ «ሸፍኗል»። የሚመላለሰው ደግሞ በአሁን ጊዜ፤ «ይነካል»፣ «ይለቃል»፣ «ይሸሻል»። «ሸፍኗል» የሚለውን «ይሸፍናል» ብላችሁ ብትለውጡት እናት በነፋስ መካከል የተቀመጡ ይመስላሉ። ደግሞም ሰው እንደሚጠብቁ የሚናገር ቃል የለም፤ አንባቢው የደረሰበት ጥላው ሲሸሽ ነው። «ልጃቸውን በናፍቆት ይጠባበቃሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢጨመር አንቀጹ ይበላሽ ነበር።

መልመጃ

1. በአንቀጹ ያሉትን ግሦች አውጥታችሁ በጊዜያቸው ለዩ።

2. ያንኑ አንቀጽ ፀሐይ ስትጠልቅ እንደ ሆነ አድርጋችሁ እንደገና ጻፉ፤ ብርሃኑ ከየት ይመጣል? የትኛው ጉንጭ ይጨልማል?

3. በቤታችሁ አንዲት ሴት በምድጃ እሳት ፊት ስትሠራ ተመልክታችሁ ስምንት መስመር ጻፉ። «ቆንጆ»፣ «ውብ» እና «መልከ መልካም» የሚሉትን ቃላት አትጠቀሙ።