የፊደል እግር፤ ጌጥ ወይስ ድምፅ?



በልደታ በሚገኘው፥ እ.ኤ.አ. በ1954 በተመሠረተው የሕንፃ ኮሌጅ የሚማር ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ምሰሶ ያለ መሠረት አይቆምም። ከፊደላትም መካከል እንዲሁ በሰፊና በወፍራም እግር ላይ የቆመ አንድ ዓይነት አለ፤ ፈረንጆች «ስላብ ሴሪፍ» ይሉታል። የዛሬው ጥናታችን ስለዚሁ ፊደል ጠባይና ጥቅም፥ ይልቁንም ወደ አማርኛ ሲመጣ ስለሚያስከትለው ችግር ነው።

ይህን ፊደል እ.ኤ.አ. በ1815 ገደማ ለገበያ ያቀረበው ቪንሰንት ፊጊንስ የተባለ የሎንዶን ፊደል ሠሪ ነው። ዘመኑ ነጋዴ ዕቃውን በግድግዳ ማስታወቂያ የሚያስተዋውቅበት ስለ ነበር፥ ከሩቅ የሚታይ ፊደል ተፈለገ። የመጽሐፍ ፊደል ቀጫጭን መስመሩ ከሩቅ ይጠፋል፤ በሻካራ ወረቀትም ላይ ይቆራረጣል። ስላብ ሴሪፍ ግን ቋሚውም አግዳሚውም ወፍራም ነውና አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1845 የወጣው «ክላረንደን» ደግሞ በመዝገበ ቃላት ውስጥ ዋናውን ቃል ከፍቺው ለመለየት አገለገለ።

ታዲያ በእኛስ ፊደል? የግዕዝ ፊደል በመቃ ብዕር በብራና ላይ ያደገ ነው። እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊት በሮም ሲታተም ወደ ማተሚያ ቤት ገባ። በላቲን ፊደል እግር ጌጥ ነው፤ ቢጨመርም ቢቀነስም ንባቡ አይለወጥም። በእኛ ግን እግር ድምፅ ነው። «በ» በቀኝ እግሩ ሰረዝ ሲጨመርለት «ቢ»፥ ቀለበት ሲጨመርለት «ቤ» ይሆናል። እንግዲህ ለ«በ» የላቲኑን ሰፊ እግር ብንሰጠው፥ ግዕዙን ሣልስ አደረግነው ማለት ነው።

ውፍረቱም የራሱ ጣጣ አለው። እኔ ራሴ ባንድ ወቅት ለግድግዳ ጋዜጣ «አሳቤ» የሚል የግጥም ርእስ በኮምፒዩተር አደመቅሁ። የመረጥሁት ፊደል የተለየ ደማቅ መልክ ስላልነበረው፥ ኮምፒዩተሩ ቀጭኑን ዙሪያውን አደለበው። ፎቶ ኮፒ ሲደረግ የ«ቤ» ቀለበት ተደፈነና «አሳቢ» ተብሎ ተነበበ። ትሑቱ ገጣሚ ራሱን «አሳቢ» ብሎ የሰየመ መስሎ፥ ሳምንቱን ሙሉ ሲሣቅበት ሰነበተ። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠብቅ። አንደኛ፥ ደማቁን ፊደል ለርእስና ለማስታወቂያ ብቻ እናውለው፤ ገጹ ሁሉ ከደመቀ ተለይቶ የሚታይ ነገር አይኖርም። ሁለተኛ፥ ውፍረቱን ለቋሚው እንስጥ፤ ቀለበቱ ክፍት ይሁን፤ የቀኙን እግር ለሣልስ እንተውለት። እንደ «ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ» ያሉ፥ ደማቅ መልካቸው ለብቻው የተሠራላቸው ፊደሎች ስላሉ፥ እነርሱን እንምረጥ። ሦስተኛ፥ ከማባዛታችን በፊት አንዱን ቅጂ ግድግዳ ላይ ለጥፈን፥ ርእሱን ለማያውቅ ጓደኛ ከዐሥር ርምጃ ርቀት እናስነብበው። «ቢ»ን ከ«ቤ» ከለየ ይባዛ፤ ካልለየ ግን የሰው ስምና አሳብ ነውና እንደ ገና ይሠራ።