ትንሣኤን በዘወትር ኑሮ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የትንሣኤ በዓል ካለፈ በኋላ በየቤታችን ምን ይተርፋል? ቄጠማው ይደርቃል፤ የዶሮው ወጥ ያልቃል፤ ነጭ ልብሳችን ታጥቦ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል። 55 ቀን የጾምንለት፣ በሰሙነ ሕማማት የሰገድንለት፣ በሌሊት ጧፍ አብርተን የተቀበልነው በዓል ሳምንት ሳይሞላው ከልባችን ይወጣል። እንዲያውም አንዳንዶቻችን ጾሙን የፈታነው ሆዳችንን ለማካካስ ይመስል፣ በዚያው ቀን በስካርና በጠብ እናሳልፈዋለን። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ እንመርምር፤ ይኸውም የጌታችን ትንሣኤ ሰኞ ጠዋት በትምህርት ገበታ፣ በሥራ ቦታና በቤት ውስጥ ምን ይለውጣል? የሚል ነው።

1ኛ/ ቤተ ክርስቲያን በሥርዓቷ ምን ታስተምረናለች?

ትንሣኤ የሚለው ቃል «ተንሥአ» ካለው የግእዝ ግስ የተገኘ ሲሆን መነሣት ማለት ነው። ፋሲካ ደግሞ ማለፍ፣ መሻገር ማለት ነው። እስራኤል ከግብፅ ባርነት እንደ ተሻገሩ፣ እኛም ከሞት ወደ ሕይወት ተሻግረናል።

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ታላቅ ነገር ለአንድ እሑድ ብቻ አልተወችውም። በትንሣኤ ሳምንት ለየዕለቱ ስም ሰጥታዋለች። ሰኞ ማዕዶት ይባላል፤ ነፍሳት ከሲኦል ወደ ገነት መሻገራቸው ይታሰብበታል። ማክሰኞ ቶማስ፣ ረቡዕ አልዓዛር፣ ሐሙስ የአዳም ሐሙስ፣ ዓርብ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ቅዱሳት አንስት፣ ቀጣዩ እሑድ ዳግም ትንሣኤ ይባላሉ። ከዚያም እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ ስግደትም የለም።

አባቶቻችን ይህን ሲሠሩ ምክንያት ነበራቸው። ሰኞና ማክሰኞ ገበያ የሚኬድባቸው፣ እርሻ የሚታረስባቸው፣ ትምህርት የሚማሩባቸው ተራ ቀኖች ናቸው። ትንሣኤ እነዚህን ተራ ቀኖች ካልነካ በእውነት አልገባንም ማለት ነው።

2ኛ/ ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ምን ጻፈ?

በቆሮንቶስ ሙታን አይነሡም የሚሉ ሰዎች ተነሥተው ነበር። ሐዋርያው በመጀመሪያይቱ መልእክቱ ምዕራፍ 15 ላይ ሲመልስላቸው ከምስክሮች ይጀምራል። ጌታ ከተነሣ በኋላ ለኬፋ፣ ለዐሥራ ሁለቱ፣ ከ500 ለሚበልጡ ወንድሞች፣ ለያዕቆብ፣ ለሐዋርያት ሁሉ፣ በመጨረሻም ለራሱ ለጳውሎስ ታይቷል። ከ500ዎቹም የሚበዙት ያን ጊዜ በሕይወት ስለ ነበሩ ሄዶ መጠየቅ ይቻል ነበር። ቀጥሎም ትንሣኤ ከሌለ እምነታችን ከንቱ እንደሚሆን፣ ሰውም ነገ ለሚሞት ሆዱ ብቻ መኖር እንደሚቀረው ያስረዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማናስተውለው ነገር አለ። ሐዋርያው ስለ መጨረሻው መለከትና ስለ ሞት መሸነፍ በከፍተኛ ቃል ከተናገረ በኋላ፣ ምዕራፉን የሚዘጋው በጌታ የደከምነው ድካም ከንቱ አይቀርምና ጸንተን እንድንሠራ በማዘዝ ነው። ወዲያውም በምዕራፍ 16 መጀመሪያ ስለ ገንዘብ ይናገራል! በኢየሩሳሌም ለተቸገሩት ቅዱሳን እያንዳንዱ በሳምንቱ መጀመሪያ ቀን እንደ አቅሙ እንዲያስቀምጥ ያዛል። መልእክቱ በምዕራፍ የተከፋፈለው ከብዙ ዘመን በኋላ ስለ ሆነ፣ የቆሮንቶስ ምእመናን ሲነበብላቸው ሁለቱን ነገር ያለ ማቋረጥ ነው የሰሙት። የሳምንቱ መጀመሪያ ቀን ደግሞ ጌታ የተነሣበት እሑድ ነው። እንግዲህ በሐዋርያው ዘንድ ከመቃብሩ ባዶነት እስከ ድኻው እጅ ያለው መንገድ በጣም አጭር ነው።

3ኛ/ በኑሯችን እንዴት እንፈጽመው?

ሀ/ ከፍርሃት መውጣት። በትንሣኤው ዕለት ማታ ደቀ መዛሙርቱ በር ዘግተው ተቀምጠው ነበር (ዮሐ. 20)። እኛም የምንዘጋቸው በሮች አሉን። ከፈተና እንዳንወድቅ ፈርተን እንኮርጃለን፤ ጓደኞቻችን እንዳይስቁብን ፈርተን ክርስቲያንነታችንን እንሸሽጋለን። ከሁሉ የሚበልጠው አስፈሪ ሞት ከተሸነፈ ግን ትንንሾቹ ፍርሃቶች ሊያዋሹን አይገባም። በሐቅ ሠርቶ ዝቅተኛ ውጤት ማግኘት ሞት አይደለም።

ለ/ ወድቆ መነሣት። ቅዱስ ጴጥሮስ በሊቀ ካህናቱ ግቢ ከፍም እሳት አጠገብ ቆሞ ሦስት ጊዜ ካደ። ከሙታን የተነሣው ጌታም በጥብርያዶስ ባሕር ዳር የፍም እሳት አንድዶ፣ ቁርስ አዘጋጅቶ ጠበቀው፤ ሦስት ጊዜም ትወደኛለህን ብሎ ጠየቀው (ዮሐ. 18 እና 21)። ከዚያም በጎቹን አደራ ሰጠው። ይህ በመካከላችን ላሉት ብቻ ሳይሆን ለቀሩትም ነው። በአንድ ውድቀት ምክንያት ዐፍረው ከጉባኤ የቀሩ ወንድሞችና እኅቶች የሌሉበት ሰንበት ትምህርት ቤት የለም። ስለ እነርሱ በሹክሹክታ የምናወራ ከሆነ በመቃብራቸው ላይ ድንጋይ እየጨመርን ነው። ወደ ቤታቸው ሄደን ብንጠይቃቸው፣ ወደ ንስሐ አባታቸውም ብናቀርባቸው ግን ድንጋዩን አንከባለልን ማለት ነው። ጴጥሮስን ያኔ ብናገኘው ኖሮ መዘምራን ውስጥ እንዲቆም እንፈቅድለት ነበርን?

ሐ/ ሥጋን ማክበር። ጌታችን በመንፈስ ብቻ አልተነሣም፤ እጁንና እግሩን አሳይቷል፤ በፊታቸውም በልቷል (ሉቃ. 24)። ስለዚህ ሥጋችን ተጥሎ የሚቀር ዕቃ ሳይሆን ለትንሣኤ የተጠበቀ ነው። በመጠጥና በዝሙት ልናጎሳቁለው አይገባም። የታመመውን መጠየቅ፣ የተራበውን ማብላት፣ የታረዘውን ማልበስም የሚነሣ ሥጋን ማክበር ነው።

መ/ በማዕድ መገናኘት። ከኢየሩሳሌም 60 ምዕራፍ ያህል ወደምትርቀው ኤማሁስ ይሄዱ የነበሩት ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ጌታን በመንገድ አላወቁትም። ያወቁት መሽቷል እደር ብለው እንግዳውን በግድ አስገብተው አብረው ለማዕድ ሲቀመጡ ነው። እኛ ግን በፋሲካ ዕለት ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ሲበላ፣ ሌሊቱን ሙሉ ወጡን ስትሠራ ያደረችው የቤት ሠራተኛ የት ተቀምጣ ነው የምትበላው? ቅዱስ ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች ከክርስቶስ ጋር መነሣታቸውን ሲነግራቸው፣ ቍጣንና ሐሰትን እንዲያስወግዱ፣ ጌቶችም ለአገልጋዮቻቸው የሚገባውን እንዲያደርጉ በዚያው ንግግር አዝዟቸዋል። እናቶቻችንን መገሠጽ የእኛ ፋንታ አይደለም፤ ነገር ግን ከመቀመጫችን ተነሥተን «እማማ፣ እርሷም ትምጣና አብረን እንብላ» ማለት እንችላለን።

ሠ/ በተስፋ ማዘን። ሐዋርያው ለተሰሎንቄ ሰዎች ተስፋ እንደሌላቸው እንዳያዝኑ ጽፏል። አታልቅሱ አላላቸውም፤ ጌታም አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አልቅሷል። የተከለከለው ፊትን መንጨትና የእግዚአብሔርን ቸርነት መካድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት የምታደርገውና ተዝካር የምታስበው ሙታን በእርሱ ዘንድ ሕያዋን ስለ ሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ለሰው ይምሰል ብሎ ለድግስ ተበድሮ፣ የሟቹን ልጆች ለዕዳና ለትምህርት ማቋረጥ መዳረግ ሟቹንም አይጠቅመውም። እኛ ወጣቶች ለቅሶ ቤት ስንሄድ ንፍሮ በልቶ ከመመለስ ይልቅ፣ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ የቀሩትን ልጆች ማስጠናት እንችላለን።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ትንሣኤ ባለፈ ዘመን የተፈጸመ፣ በሚመጣውም ዘመን የምንጠብቀው ብቻ አይደለም። በጥምቀት ከእርሱ ጋር ተቀብረን በአዲስ ሕይወት እንድንመላለስ ተነሥተናል (ሮሜ 6)። ሰው ትንሣኤን ከእኛ የሚማረው ከምንዘምረው መዝሙር ብቻ ሳይሆን፣ ሰኞ ዕለት ከምንሠራው ሥራ ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦

1. የትንሣኤ ሳምንት ዕለታት ስማቸው ማን ማን ይባላል? ስለምን?
2. 1ኛ ቆሮንቶስ 15ን ጨርሳችሁ ሳታቋርጡ 16፥1-4ን አንብቡ። ምን ታስተውላላችሁ?
3. ከጉባኤያችን የቀሩ እነማን ናቸው? ስማቸውን በአደባባይ ሳናነሣ፣ በዚህ ሳምንት ማን ማንን ሄዶ ይጠይቃል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።